አምባገነን ገዢ ከሕዝቡ ይልቅ የሚፈራው አጠገቡ የተቀመጠውን ነው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝብ አንቅሮ የተፋቸው ገዢዎች ሃያና ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ የቆዩት እንዴት ነው? ጠመንጃና እስር ቤት ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ? ደግሞስ ያ ሁሉ ጉልበት እያላቸው አንዳንዶቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብን ብለው የሚጠፉት ለምንድን ነው?»

ወንድሜ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችህ መልሳቸው አንድ ነው። ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ፤ ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዝልኝ።

ብዙ ሰው ስለ አምባገነን ሲያስብ ወዲህ ቤተ መንግሥት፣ ወዲያ ሕዝብ፣ መሃል ላይ ጠመንጃ ይታየዋል። ሥዕሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ዋናው ሰው የለበትም። ዋናው ሰው ከገዢው ጋር ስብሰባ የሚቀመጠው ነው። ሚኒስትሩ፣ ጄኔራሉ፣ የደኅንነት ሹሙ፣ የፓርቲው ጸሐፊ። ሚላን ስቮሊክ የተባለ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ ከ1946 እስከ 2008 ድረስ ሕጉ ከሚለው ውጪ ከሥልጣን የተወገዱ 303 አምባገነን መሪዎችን ቆጥሯል። ከ303ቱ 205ቱን የገለበጣቸው የራሳቸው ሰው ነው። በሕዝብ አመፅ የወደቁት 32 ብቻ ናቸው። ይሄን ቁጥር ካየህ በኋላ አንድ ገዢ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ማን እንደሆነ ለመገመት አትቸገርም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አገር አይገዛም። ጠመንጃውን የሚይዝለት፣ ግብሩን የሚሰበስብለት፣ የሚፈርድለት ሰው ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ እሱን ማገልገል የሚችሉትን ያህል ሊያነሱትም ይችላሉ። ስለዚህ የገዢው የዕለት ተዕለት ሥራ እነሱን መያዝ ነው፤ እንዳይርቁ፣ ያለ እሱ መኖር እንዳይችሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እርስ በርስ እንዳይተማመኑ።

ከሹመት እንጀምር። ስታሊን በኤፕሪል 1922 የሩሲያ ኮሚኒስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሲሆን ጓዶቹ ብዙም አልቀኑበትም። ትሮትስኪ ጦሩን ይዟል። ዚኖቪየቭ የፔትሮግራድን ከተማና የዓለም ኮሚኒስት ፓርቲዎችን ማኅበር፣ ኮሚንተርንን፣ ይዟል። ጸሐፊነት ደግሞ የወረቀት ሥራ ነው፤ ፋይል፣ ቃለ ጉባኤ፣ የምደባ ደብዳቤ። ጉዱ ያለው እዚህ የምደባ ደብዳቤ ላይ ነበር። ማን የየትኛው ክፍለ ሀገር ጸሐፊ ሆኖ እንደሚሄድ የሚወስነው የስታሊን ቢሮ ነው። የተመደበው ጸሐፊ ለጉባኤ ተወካይ አስመርጦ ይልካል። ጉባኤው ማዕከላዊ ኮሚቴውን ይመርጣል፤ ማዕከላዊ ኮሚቴው ደግሞ ዋና ጸሐፊውን ያጸድቃል። ዞሮ ዞሮ ስታሊንን የሚያጸድቁት ስታሊን የመደባቸው ሰዎች ሆነው አረፉት። ሌኒን በ1922 መጨረሻና በ1923 መግቢያ ላይ ታሞ ሳለ ባስጻፈው ደብዳቤ ይህ ሰው ከቦታው ይነሳ ብሎ መክሮ ነበር። ደብዳቤው ሌኒን ከሞተ በኋላ በ1924 ለጉባኤው ተወካዮች ተነበበላቸው። ስታሊን ግን ንቅንቅ አላለም፤ አዳራሹን የሞላው የማን ሰው ሆነና!

ከዚያ ግድያው መጣ፤ መጀመሪያ የበላው ደግሞ የቅርቡን ሰው ነው። በ1934 ከተመረጡት 139 የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላትና ተለዋጭ አባላት መካከል 98ቱ ተይዘው ተገድለዋል፤ አብዛኞቹ በ1937 እና በ1938 ውስጥ። ይሄን ቁጥር የነገረን ከስታሊን በኋላ ፓርቲውን የመራው ክሩሽቼቭ ነው፣ በ1956ቱ ዝግ ንግግሩ። ገዳዮቹም አላመለጡም። የደኅንነቱ ሹም ያጎዳ በ1938 ተረሸነ። የተካው የዦቭ ደግሞ በ1940።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ «በቃ፣ ፍርሃት ነው» ብሎ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከስታሊን በኋላ የሆነው ነው። በ1953 ስታሊን ሲሞት የቀሩት ሹማምንት አንድ ነገር ገባቸው፤ ጌታቸው ሌላ አስር ዓመት ቢኖር ኖሮ ተራው የእነሱ ነበር። የደኅንነቱን ሹም ቤርያን በዚያው ዓመት አስወግደው ረሸኑትና በመካከላቸው ያልተጻፈ ውል ገባ፦ ከእንግዲህ የተሸነፈ ይባረራል እንጂ አይገደልም። በ1957 ሞሎቶቭ፣ ማሌንኮቭና ካጋኖቪች ክሩሽቼቭን ለማውረድ ሞክረው ሲሸነፉ ሞሎቶቭ በአምባሳደርነት ሞንጎሊያ ተላከ፤ ማሌንኮቭ ካዛክስታን ውስጥ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ኃላፊ ተደረገ። እሱም ራሱ ክሩሽቼቭ በ1964 ሲወርድ ጡረታውን ይዞ ቤቱ ገባ። የተካው ብሬዥኔቭ ደግሞ ውሉን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው፤ መግደሉ ቀርቶ ማባረሩም ቀረ ማለት ይቻላል። ሹማምንቱ እፎይ አሉ። አርጅተውም በያዙት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከኖቬምበር 1982 እስከ ማርች 1985 ባለው ጊዜ ውስጥ ብሬዥኔቭ፣ አንድሮፖቭና ቼርኔንኮ ተከታትለው ሥልጣን ላይ እንዳሉ ሞቱ። የሹማምንት ዋስትና ዋጋው ይሄ ነው። ሰላም ትሰጣቸዋለህ፣ አዲስ ደም ግን አታገኝም።

ሌላው ዘዴ ሹም ሽር ነው፤ እዚህ ላይ ማንም ሞቡቱን የሚያህል የለም። በኖቬምበር 1965 በመፈንቅለ መንግሥት ኮንጎን የያዘው ሞቡቱ እስከ 1997 ድረስ ገዝቷል። ሚኒስትር ቦታው ላይ ሳይሞቅለት ያነሳዋል፣ ያዛውረዋል፣ ያስረዋል፣ መልሶ ይሾመዋል። የአንዱን ሰው ታሪክ ልንገርህ። ንጉዛ ካርል ኢ ቦንድ ይባላል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። በ1977 በአገር ክህደት ተከሰሰ፣ ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረለት፤ በማግሥቱ ዓመት ተፈታ። በ1979 እንደገና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ! በ1980 ጭራሽ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ቦታ ያዘ። በ1981 ቤልጅየም ገብቶ ከዳ፤ አሜሪካ ምክር ቤት ድረስ ሄዶ የሞቡቱን ዘረፋ መሰከረ። በዚህ አበቃ ስትል በ1985 ተመልሶ አገሩ ገባ። በ1986 ሞቡቱ በአምባሳደርነት ዋሽንግተን ላከው፤ ያውም እሱን ከስሶ በመሰከረባት ከተማ። በ1988 እንደገና ውጭ ጉዳይን ያዘ፤ በ1991 ደግሞ እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር።

ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል። እስቲ ግን በሌሎቹ ሹማምንት ዓይን እየው። ከንጉዛ የተማሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንም ቢሆን ማንንም ቢያህል በአንድ ሌሊት ከሚኒስትርነት ወደ ሞት ፍርድ ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ወድቀህም ቢሆን መመለሻው በር አንድ ነው፤ የሞቡቱ በር። ተስፋ የቆረጠ ሰው ጫካ ይገባል። ተስፋ ያለው ደግሞ ደጅ ይጠናል። ሞቡቱ ማንንም ሙሉ በሙሉ ተስፋ አላስቆረጠም። በዚያ ላይ ሹሙ ቦታው ላይ ብዙ እንደማይቆይ ካወቀ ምን ያደርጋል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ነው ነገሩ። ይበላል። የበላው ደግሞ ፋይል ይሆንበታል፤ በሚፈለግበት ቀን የሚወጣ። ሞቡቱ በ1973 የውጭ ዜጎችን ሱቅ፣ እርሻና ፋብሪካ ወርሶ ለባለሟሎቹ ሲያከፋፍል ኢኮኖሚው እንደሚንኮታኮት የሚነግረው ሰው አጥቶ አይመስለኝም። በእሱ ሒሳብ ግን ሥራውን ሠርቷል፤ ሀብታም የሆነው ሁሉ ሀብቱ ያለ ሞቡቱ አንድ ቀን እንደማያድር ያውቃል።

ሒሳቡ የጎደለው ሌላ ቦታ ነው። ደመወዝ ያልደረሰው ወታደር በ1991 እና በ1993 ከተማ ዘረፈ። በ1996 መጨረሻ ከምሥራቅ የተነሳው አማፂ ኃይል ሰባት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ያንን ሰፊ አገር አቋርጦ በሜይ 1997 ኪንሻሳ ገባ። የሚዋጋለት ሠራዊት አልነበረውማ!

የኢራቁ ሳዳም ሁሴን የሄደበት መንገድ ከሞቡቱ ይለያል። ሞቡቱ ሰዎቹን በጥቅም ካሰረ፣ ሳዳም በደም ነው ያሰራቸው። ፕሬዚዳንት በሆነ በሳምንቱ፣ ጁላይ 22 ቀን 1979፣ የገዢውን የባዝ ፓርቲ አመራር አዳራሽ ሰበሰበ። ካሜራ ተደቅኗል። ሙሒ አብዱል ሁሴን መሽሐዲ የተባለው ከፍተኛ ሹም ቆሞ «ሴራ ነበረን» እያለ ይናዘዛል። ከዚያ ስም መጠራት ጀመረ። የተጠራ እየተነሳ ይወጣል፣ ሳዳም ሲጋራውን ይዞ ይመለከታል። ያልተጠሩት በጭንቀት መሃል እየተነሱ «ሳዳም ለዘላለም ይኑር» እያሉ መጮኽ ያዙ። የተጠሩት 68 ያህል ነበሩ፤ ከእነሱም ከ20 በላይ የሚሆኑት ሞት ተፈረደባቸው። የረሸኗቸውስ እነማን ናቸው? የተረፉት የፓርቲ ጓዶቻቸው ናቸው፤ ሽጉጥ ተሰጥቷቸው እንዲተኩሱ ተደረገ። ቀረጻውም ለፓርቲው ሰዎች እንዲታይ ተላከ። የትናንት ባልደረባህን ከገደልክ በኋላ ወዴት ትሄዳለህ? ሳዳም ሲወድቅ አንተም አብረህ ተጠያቂ ነህ። ከዚያች ቀን በኋላ እነዚያ ሰዎች የሳዳምን ወንበር ሲጠብቁ የራሳቸውን አንገት ነበር የሚጠብቁት።

ወደ ጦሩ ስንመጣ የሁሉም ገዢ ራስ ምታት አንድ ነው። ከጠላት የሚያድንህ ጠንካራ ጦር አንተንም ለመጣል በቂ ነው። የተለመደው መፍትሔ ጦሩን ከፋፍሎ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ሳዑዲዎች ከመደበኛው ጦር ሌላ ብሔራዊ ዘብ አቋቋሙ፤ የሚመራውም በሌላ ልዑል ነው። ሳዳም ሪፐብሊካን ጋርድ ነበረው፣ ሞቡቱ የፕሬዚዳንቱ ልዩ ክፍለ ጦር። ግን ይሄ ዘዴ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ንክሩማ በጋና ለራሱ ጥበቃ የሚሆን ልዩ ሬጅመንት አቋቁሞ ጥሩ ጥሩውን መሣሪያ ለእሱ ሲሰጥ መደበኛው ጦር አኮረፈ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966 ንክሩማ ወደ እስያ ጉዞ ላይ ሳለ ገለበጡት፤ የልዩ ዘቡ ነገር ከቅሬታዎቻቸው አንዱ ነበር። እኛ የታኅሣሥ ግርግር የምንለው፣ የዲሴምበር 1960ው ሙከራ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ጉብኝት ላይ እያሉ የተነሳባቸው እንዲጠብቃቸው የተቋቋመው ክብር ዘበኛ ነው። ያዳናቸው ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ነው። መከፋፈሉ ከመፈንቅለ መንግሥት አላዳናቸውም፤ መፈንቅለ መንግሥቱ ግን ሌላ የታጠቀ ክፍል ስለነበረ ከሸፈ።

የኢራኑ ሻህ ይሄን ነገር እስከ ጥግ የወሰደው ሰው ነው። የምድር ጦሩ፣ የአየር ኃይሉና የባሕር ኃይሉ አዛዦች እያንዳንዳቸው ለእሱ ብቻ ነው ሪፖርት የሚያደርጉት። ያለ እሱ ተሰብስቦ መምከር ክልክል ያህል ነው። በዚህ መንገድ ለብዙ ዓመት ጄኔራሎቹ አላሴሩበትም። አንድ ቀን ግን፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1979፣ ሕዝባዊ አመፁ በርትቶበት ሻህ አውሮፕላን ተሳፍሮ አገር ጥሎ ወጣ። ጄኔራሎቹ ያን ሁሉ ታንክ ይዘው አብሮ መወሰን የሚባል ነገር ልምዱም መተማመኑም አልነበራቸውም። ፌብሩዋሪ 11 ቀን ጦሩ ገለልተኛ ነኝ ብሎ ወደ ካምፑ ተመለሰ፤ ነገሩ በዚያው አበቃ። እንዳያሴሩ ሲል ያፈረሰው መተማመን እሱን ለማዳን በተፈለገበት ቀን የለም።

እስካሁን ያወራሁት አንድ ሰው ስለሚገዛበት ሥርዓት ነው። ረጅም ዕድሜ የነበረው ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ሰውየው እየተቀየረ ቡድኑ የሚቆይበት። የሜክሲኮው ገዢ ፓርቲ ፒ.አር.አይ. በ1929 በሌላ ስም ተመሥርቶ እስከ 2000 ድረስ ፕሬዚዳንትነቱን ሳይለቅ 71 ዓመት ገዛ። እኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ብነግርህ ቅር እንዳይልህ።

ነገሩ የተጀመረው በግድያ ነው። በ1928 ኦብሬጎን የተባለው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ለሁለተኛ ጊዜ ተመርጦ ወንበሩን ሳይረከብ ምግብ ቤት ውስጥ ተገደለ። ሥልጣን ላይ የነበረው ካዬስ ጄኔራሎቹና የየአካባቢው ጉልበተኞች እርስ በርስ ሊተላለቁ መሆኑን አየና ሁሉንም በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር ሰበሰባቸው። እሱ ራሱ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሦስት ፕሬዚዳንቶችን ዘወረ። አራተኛው ካርዴናስ ነበር፤ እሱንም እዘውረዋለሁ ብሎ አስቦ ነበር። ካርዴናስ ግን ወታደሩን፣ ሠራተኛውንና ገበሬውን ይዞ በኤፕሪል 1936 ካዬስን አውሮፕላን ላይ አሳፍሮ ወደ አሜሪካ ሸኘው። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ካርዴናስ በ1940 ጊዜው ሲያልቅ ወጣ፤ ከጀርባም አልዘወረም። ከዚያ በኋላ ሕጉ ረጋ። ፕሬዚዳንቱ ለስድስት ዓመት እንደ ንጉሥ ነው፤ ተተኪውን በጣቱ ይጠቁማል፤ ሲያልቅ ግን ዳግመኛ አይመረጥም፣ ወደ ቤቱ ይገባል።

ይሄ ለምን ሠራ? የተሸነፈው የፓርቲ ሰው መጠበቅ ይችላላ። ስድስት ዓመት ረጅም አይደለም። የዛሬው ሰው ሲሄድ ሚኒስትሩም፣ ገዢውም፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊውም ይቀየራል፤ በሺህ የሚቆጠር ወንበር ይለቀቃል። ወረፋ ያለው ሰው አያምፅም። የሚወጣው ፕሬዚዳንትም ብዙውን ጊዜ ገንዘቡም አንገቱም ተጠብቆለት ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ሙጭጭ የሚልበት ምክንያት የለውም። ስታሊንም ሞቡቱም ያልቻሉት ይሄንን ነበር፤ ሥልጣንን ያለ ደም ማስረከብ።

ታች ያለው ሕዝብስ? ገበሬው መሬት ተሰጥቶታል። በካርዴናስ ዘመን ብቻ ወደ 18 ሚሊዮን ሄክታር ተከፋፍሏል። መሬቱ ግን የጋራ ይዞታ ነው፤ እስከ 1992ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ድረስ መሸጥ አይቻልም። ሊሸጥ የማይችል መሬት ደግሞ ለግል ባንክ መያዣ አይሆንም። ብድር የሚገኘው ከመንግሥት ባንክ ነው፤ ዘርና ማዳበሪያውም በዚያው መስመር ይመጣል። ፓርቲውን የሚቃወም መንደር ማንም ሳይተኩስበት ዝናቡ ሲመጣ ብድሩ ይዘገይበታል። ደም አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ በኦክቶበር 1968 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ትላቴሎልኮ አደባባይ ላይ በተማሪዎች ላይ የሆነው ይታወቃል። ግን ሥርዓቱ ከቀን ወደ ቀን የሚቆመው በብድሩ ወረፋና በሹመቱ ወረፋ ነበር።

ብዙ ሰው «ውጤቱ የታወቀ ምርጫ ለምን ያካሂዳሉ?» ይላል። ለውጭ ዜጋ ይምሰል ብቻ አይደለም። በሰፊ ልዩነት የተገኘ ድል መልእክቱ ለውስጥ ሰው ነው፤ «ከፓርቲው ወጥተህ የትም አትደርስም» ነው የሚለው። ለዚህም ነው ፒ.አር.አይ. በቀላሉ የሚያሸንፈውን ምርጫ እንኳ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ የሚያሸንፈው። ሥጋቱ እውነት እንደነበር በ1988 ታየ። የዕዳ ቀውስ መጥቶ የሚከፋፈለው ሲያንስ የዚያው የካርዴናስ ልጅ፣ ኳውቴሞክ ካርዴናስ፣ ፓርቲውን ጥሎ ወጥቶ ተወዳደረ። የምርጫው ማታ ድምፅ የሚቆጥረው የኮምፒውተር ሥርዓት ተቋረጠ ተባለ፤ ሲመለስ የፓርቲው ዕጩ አሸንፏል። ሜክሲኮዎች ዛሬም ይቀልዱበታል።

ሕግን መሣሪያ ማድረግም አለ፤ እሱን በፍጥነት ልለፈው። የደቡብ አፍሪካው የነጮች ገዢ ፓርቲ፣ ናሽናል ፓርቲ፣ ክልስ የሚባሉትን ዜጎች ከመራጮች መዝገብ ለማውጣት የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። አልነበረውም፣ ፍርድ ቤትም ከልክሎታል። ምን አደረገ? በ1955 የላይኛውን ምክር ቤት ከ48 ወደ 89 መቀመጫ አሰፋና በራሱ ሰዎች ሞላው። በ1956 ሁለት ሦስተኛውን አገኘ። ታይዋን ውስጥ ደግሞ ዋናውን ቻይና በኮሚኒስቶች የተነጠቀው ገዢ ፓርቲ ኩሚንታንግ በ1947 እና በ1948 እዚያ የተመረጡትን እንደራሴዎች «መራጮቻችሁ ነፃ እስኪወጡ» ብሎ እስከ 1991 ድረስ ወንበራቸው ላይ አቆያቸው። ሁሉም ነገር በሕግ አንቀጽ ነው የተሠራው። ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ የመዝገብ ሹሙ ትእዛዝ ሲቀበሉ «ሕግ ነው» የሚሉት ነገር ይፈልጋሉ።

የውጭ ጠባቂም አይረሳ። በፌብሩዋሪ 1964 የጋቦን ወታደሮች ፕሬዚዳንት ሊዮን ምባን ሲገለብጡ የፈረንሳይ ፓራትሩፐሮች በሁለት ቀን ውስጥ መልሰው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ሃንጋሪ በ1956፣ ቼኮዝሎቫኪያ በ1968 የሶቪየት ታንክ አይተዋል። እንዲህ ዓይነት ገዢ ግን ዋስትናው የሰው እጅ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ እንምጣ፤ ለምን በጥቂት ቀናት ውስጥ ብን ይላሉ?

ምሥራቅ ጀርመንን እንይ። በ1989 የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ሽታዚ 91,000 ገደማ ቋሚ ሠራተኛ ነበረው፤ ከ170,000 የሚበልጥ ጆሮ ጠቢም ነበረው። የአገሩ ሕዝብ 16 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ የተሰለለ ሕዝብ ማግኘት ይከብዳል። ኦክቶበር 9 ቀን ላይፕዚግ ውስጥ 70,000 ያህል ሰው ሰልፍ ወጣ። የታጠቀው ኃይል ተዘጋጅቷል። ሆስፒታሎች ደም እንዲያከማቹ ተነግሯቸዋል። የከተማው ሹማምንት ከበርሊን ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ይጠብቃሉ፤ ከላይ ያሉት ደግሞ ያንን ትእዛዝ በራሳቸው ስም መስጠት አልፈለጉም። በዚህ መሃል ሦስት የከተማው ፓርቲ ጸሐፊዎች ከሙዚቃ መሪው ኩርት ማዙርና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆነው ሁሉም ወገን እንዲረጋጋ የሚጠይቅ ጥሪ አዘጋጁ፤ በከተማው ድምፅ ማጉያ ተነበበ። ሰልፈኛው ዞሮ ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ፤ ጥይት አልተተኮሰም። በወሩ፣ ኖቬምበር 9 ቀን፣ የበርሊን ግንብ ተከፈተ።

ያን ማታ የተሰበረው ሽታዚ አልነበረም። ጠመንጃውም፣ ፋይሉም፣ ጆሮ ጠቢውም በቦታው አለ። የተሰበረው በሹማምንቱ መካከል የነበረው ግምት ነው። የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ታንክ እንደማይልክ ታውቋል። እያንዳንዱ ሹም «ይሄ መንግሥት የሚቀጥል ከሆነ መተኮሱ ያዋጣኛል፣ ካልቀጠለ ግን ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ» ብሎ ያሰላል። ሁሉም እንደዚያ ሲያሰላ መንግሥቱ በእርግጥም አይቀጥልም። ፍርሃት የሚሠራው ገዢው ነገም ይኖራል ተብሎ ሲታመን ነው፤ ያ እምነት የጠፋ ቀን ለመውደቅ ወራት አያስፈልግም። ሩማንያ ውስጥ ቻውሼስኩ ዲሴምበር 21 ቀን በረንዳ ላይ ቆሞ ንግግር ሲያደርግ ከሕዝቡ መሃል ጩኸት ተነሳ፤ ሲደናገጥ አገር በቴሌቪዥን በቀጥታ አየው። በማግሥቱ ጦሩ ከዳው። በአራተኛው ቀን ተረሸነ።

በዚያው ዓመት ቤጂንግ የሆነውን ከዚህ ጋር አስተያየው። ሰልፈኛው ከላይፕዚጉ እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ለሳምንታትም ቆይቷል። ከላይ ግን የቻይናው ዋና መሪ ዴንግ ሺያኦፒንግና የፓርቲው ሽማግሌዎች አንድ አቋም ያዙ። የተቃወመው የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ዣኦ ዚያንግ ተነሳ፤ በ2005 እስኪሞት ድረስ በቁም እስር ቆየ። ጦሬን አላዘምትም ያለ አንድ ጄኔራል ለወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ሌሎቹ ዘመቱ፤ ሰልፉም በኃይል ተበተነ። የሰልፈኛ ብዛት ብቻውን የማይወስነው ለዚህ ነው። ከላይ ያሉት ተሰነጠቁ ወይ? እሱን ነው ማየት።

ሰዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቁበት ሰዓት ደግሞ ገዢው ሲያረጅ ነው፤ «ቀጥሎ ማን?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ። በዚህ ላይ የፓራጓዩ ስትሮስነር ታሪክ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ የያዘ ነው። በ1954 ሥልጣን ያዘ። ጦሩም ኮሎራዶ ፓርቲም በእጁ ነው፤ የመንግሥት ሥራ የፈለገ የፓርቲ ካርድ ያወጣል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን በየሦስት ወሩ እያደሰ ከሠላሳ ዓመት በላይ ገዛበት። ጄኔራሎቹን የያዛቸው በኮንትሮባንድ ነው፤ ውስኪውና ሲጋራው በእነሱ በኩል ያልፋል፣ እሱ ያያል፣ ዝም ይላል። ከጄኔራሎቹ ሁሉ የጠበቀ ወዳጁ አንድሬስ ሮድሪጌዝ ነበር፤ የሮድሪጌዝ ልጅ የስትሮስነርን ልጅ አግብታለች፣ አማቾች ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ስትሮስነር አረጀ። ዙሪያውን የያዙት ሰዎች ሥልጣኑ ለልጁ ለጉስታቮ እንዲያልፍ መንገድ መጥረግ ጀመሩ፤ ነባሮቹን ጄኔራሎች ጡረታ የማውጣት ነገር መጣ፣ ሮድሪጌዝም ከመስመሩ ሊወጣ ነው። እኛም አውቀናል ጉድጓድ ምሰናል አለ ሮድሪጌዝ። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1989 ማታ ታንኮቹን አወጣ፤ ሲነጋ ስትሮስነር እጁን ሰጥቶ ነበር። ከቀናት በኋላ ወደ ብራዚል ሄደ፤ እስኪሞትም እዚያው ኖረ።

ሮድሪጌዝ በሜይ ምርጫ አደረገ። የተወዳደረው በዚያው በስትሮስነር ፓርቲ ነው፤ አሸነፈም። ኮሎራዶ ፓርቲ የፕሬዚዳንትነቱን ወንበር በምርጫ የተነጠቀው ገና በ2008 ነው፤ እሱንም በ2013 መልሶ ወሰደው።